መጥረቢያው ያደረበት ዛፍ

ካምፖን በእንጨት መዶሻው ግንዱን ሲመታው ዛፉ እህ እህ ብሎ ሳለ።

ሌላ ስም ቢያወጡለትም ያው ሳል ነው። መጀመሪያ ባዶ በርሜል የተመታ ይመስል ጉም አለ፤ ከዚያ ከታች፣ ከሥሩ በኩል፣ አክታ ያነቀው ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚሰማው ዓይነት ነገር ወጣና ጸጥ አለ። ፕራኖም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ባሏን ዊሩትን የሩዝ ወፍጮ ቤቱ አቧራ ሳንባውን ጨርሶት ሊሞት ሰሞን እንዲህ ነበር የሚያስለው፤ መጀመሪያ ደረቁን፣ ከዚያ እርጥቡን።

"ሰማሽው እትዬ?" አለ ካምፖን።

"ም... ምኑን?"

"ባዶ መሆኑን ነዋ! ውስጡ ተበልቶ አልቋል።"

ፊቱን አየችው። ሳሉን ሰምቶ ይሁን አይሁን መለየት አልቻለችም። ከኋላው ገመድ ስታፍታታ የነበረችው ሚስቱ ሳይሩንግ ግን እጇ ገመዱ ላይ እንደቀረ ወደ ቤቱ አንጋጣ ትመለከት ነበር፤ የሳለው ቤት ውስጥ የተኛ በሽተኛ መስሏት ይሆናል።

ካምፖንን ሰዉ የዛፍ ሐኪም ነው የሚለው። በቦዩ ዳር ግቢው ውስጥ ዛፍ ያለው ሁሉ እሱን ይጠራል። ፕራኖም ወረፋ ይዛ ነው የጠበቀችው። አምና በርካሽ ያስገባቻቸው ሁለት ጎረምሶች የማንጎውን አናት በመጋዝ ላጭተው "አሁን አማረበት!" ብለው ሄዱ፤ ማንጎው ዓመት ሳይሞላው ደረቀ። ካምፖን ግን ሲመጣ መጋዙን ከመኪናው እንኳ አላወረደም። ግቢውን እየዞረ ቅጠል አገላብጦ አየ፣ አፈር ጭሮ አሸተተ። የጃክፍሩቱን ዛፍ "ይኼ ደህና ነው፤ ውስጥ ውስጡን አሳስተን ነፋስ እናስገባለታለን" አለው። የደረቀውን ማንጎ ዳበስ አድርጎ "ይኼን የሠራ እጁ ይቆረጥ!" ብሎ ተራገመ። ታኪያን የሚባለው ይኸው ትልቁ ዛፍ ጋ ሲደርስ ነው ጨዋታው የጠፋበት።

ታኪያኑ ቤቱ ሳይሠራም እዚያው ነበር። ግንዱን ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ቤታቸው በምሰሶ ላይ የቆመ የእንጨት ቤት ነው፤ የአማቷ የእማማ ቡንሉአን ክፍል ደግሞ ልክ ዛፉ ባጋደለበት በኩል። ባለፈው ሳምንት ዶፍ ሲወርድ አንድ ቅርንጫፍ ጣሪያውን በስቶ ገብቶ፣ ከአሮጊቷ ትራስ ክንድ በማይሞላ ርቀት ወለሉ ላይ ተሰክቶ ተገኘ። ፕራኖም ስልክ ያነሳችው ያን ዕለት ነው። ዋናው የክረምት ማዕበል ገና አልመጣም። ሲመጣ ዛፉ ያንን ክፍል ከነአሮጊቷ እንደሚጨፈልቀው ለማወቅ የዛፍ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

"ይኼን ሁሉ ልብስ ያለበሰው ማን ነው?" አለ ካምፖን።

ግንዱ የወንድ ሸሚዝ ለብሷል። እጅጌ ከእጅጌ እየተሰፋ ዙሪያውን የተጠመጠመው የዊሩት ሸሚዝ ነው፤ የእሱ ሲያልቅ አሮጊቷ ከገበያ እየገዛች በላይ በላዩ ደረበችበት። ታኪያን ላይ ጨርቅ ማሰርስ ሁሉም ያስራል። ውስጡ እመቤት አለች ስለሚባል፣ ሰዉ ባለቀለም ጥብጣብ ጠምጥሞላት እጅ ነስቶ ያልፋል። ለእማማ ቡንሉአን ግን እመቤት የሚባል ነገር የለም። "እዚያ ያለው ልጄ ነው" ነው የምትለው። አስከሬኑ ተቃጥሎ ከቀረው አመድ ከፊሉን ከሥሩ በትናለች። ምግቡን የምታስቀምጥበት ቦታ ጭቃ እንዳይነካው ብላ ሥሩን ዙሪያውን ሲሚንቶ አስለስናለች። አመሻሽ ላይ ዛፉ ሲስል "አቤት ልጄ!" ብላ ተለጣፊ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ይዛለት ትወርዳለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረች።

"እናቱ ነች" አለች ፕራኖም። "የባሌ እናት።"

ካምፖን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የገደለው ይኼ ልብስ ነው እትዬ። ዝናቡን ይዞ ይቀመጣል፤ ቅርፊቱ ስድስት ክረምት አልደረቀም። ከታች ደግሞ ሥሩን በሲሚንቶ አፍናችሁታል። ሰውስ ቢሆን እርጥብ ልብስ አልብሰሽ አፍንጫውን ይዘሽው ምን እንዲሆንልሽ ትጠብቂያለሽ?"

"ወዳው ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። እኔ ያየኋቸውን ዛፎች ባብዛኛው የገደላቸው መወደድ ነው።"

ከላይ መስኮቱ ተከፈተና የእማማ ቡንሉአን ነጭ ራስ ብቅ አለ።

"ማነው እዚያ ልጄን የሚቀጠቅጠው?"

"እኔ ነኝ እማማ፣ ካምፖን። ሕመሙን ላይለት ብዬ ነው።"

"በመዶሻ? እናትህ ስትታመም በመዶሻ ነው የምትቀጠቅጣት?"

ሳይሩንግ ሳቋን መያዝ አቃታት። "እናቱን እንኳ እንጃ እማማ። እኔን ቢሞክረኝ ግን ዛፍ ላይ ሲሰቀል ገመዱን የምይዝለት እኔ መሆኔን ያውቃል!"

አሮጊቷ አልሳቀችም። "ቱም!" የሚል የመስኮት መዝጊያ ድምፅ ተሰማ፤ ጥቂት ቆይታ ዱላዋን ተደግፋ ደረጃውን ወረደች። ፕራኖም ክንዷን ልትይዛት ብትል እጇን መነጨቀቻት።

"አትቆርጡትም" አለች።

"እማዬ፣ በሞቴ፣ ጣሪያውን አይተሽዋል" አለች ፕራኖም። "ቅርንጫፉ እኮ ራስሽ ላይ ነበር የሚያርፈው። ካልሆነ እኔ ክፍል እንተኛ ብዬ ለመንኩሽ፤ እምቢ አልሽ። አቅፌ ወስጄ አስተኛሁሽ፤ ሌሊት በዳዴ ተመልሰሽ ሄድሽ። ምን ላድርግሽ? አንቺንም ልቅበርሽ?"

"ከዚያ ክፍል ከወጣሁ አልሰማውም። አንቺ ባልሽን ረሳሽ፤ እርሺ። እኔ ግን እናት ነኝ።"

ፕራኖምን ይኼ ንግግር አንጀቷን አሳረረው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የኮኮናት ጣፋጭ እየጋገረች፣ ገበያ እየሸጠች፣ ይህችን ሴት እንደ እናቷ ጦራለች። ወንድሞቿ "ነይ ወደኛ፣ ገና ነሽ" ሲሏት ጥላት መሄድ አልሆነላትም። ረሳሽ? የማስታወሻ ጊዜ ያጣ ሰው ረስቷል ይባላል? እንባዋ ሲመጣ ፊቷን ወደ ቦዩ አዞረች።

በዚህ መሀል ጎረቤቷ ቻሊያው የሕፃን ፓውደር ቆርቆሮዋን ይዛ በአጥር ብቅ አለች። ሎተሪ በሚወጣበት ዋዜማ የታኪያኑን ቅርፊት በፓውደር እያሸች ቁጥር ትፈልግበታለች።

"ምነው፣ ሊቆረጥ ነው እንዴ? ኧረ ከነገው ዕጣ በፊት እንዳትነኩብኝ! እመቤቲቱ ትቀየማለች!"

"ሂጂ ወደዚያ!" አለች እማማ ቡንሉአን ዱላዋን አንስታ። "እመቤት የለችም ብዬሻለሁ! ልጄን ፓውደር አትቀቢው!"

ቻሊያው እያጉተመተመች ተመለሰች። ካምፖን ጥቂት አሰበና ወደ መኪናው ሄዶ እጀታው በእጅ ላብ የጠቆረ አሮጌ መጥረቢያ ይዞ መጣ።

"እማማ፣ እኔ የተማርኩበት ወረቀት አለኝ። ዛፉ ታሟል፣ ይወድቃል፤ ወረቀቱ ይህን ይላል። ይኼ ደግሞ የአያቴ ነው። አያቴ ትልቅ ዛፍ ሲቆርጥ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ አስደግፎ ያሳድር ነበር። ጠዋት ቆሞ ካገኘው ዛፉ ፈቅዷል ማለት ነው። ወድቆ ካገኘው እቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። እኔም ሳላሳድር ወጥቼ አላውቅም። ልጅሽ እዚያ ካለ እሱን እንጠይቀው።"

አሮጊቷ መጥረቢያውን፣ ከዚያ ዛፉን አየች። ፊቷ ቀስ ብሎ በራ። "ይሁን። እሱ ከፈቀደ እኔ ማነኝ። ግን አይፈቅድም። ጠዋት መሬት ላይ ታገኘዋለህ።"

ካምፖን መጥረቢያውን በጥንቃቄ አስደገፈው፤ ስለቱን ወደ መሬት፣ እጀታውን ወደ ላይ። ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አድርጎ መርምሮት፣ እጆቹን አጋጥሞ ለዛፉ ሰገደና ከሳይሩንግ ጋር ተያይዘው ሄዱ።

ያን ሌሊት ነፋስ የሚባል አልነበረም። የሙዝ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ፕራኖም ወገግ ሲል ጣፋጯን ልትጋግር ወጥታ ዓይኗ ወደ ታኪያኑ ሄደ።

መጥረቢያው ወድቋል።

ወድቋል ከማለት ተኝቷል ቢባል ይሻላል። ከግንዱ ራቅ ብሎ ሲሚንቶው ላይ፣ ሰው እንዳስተኛው ተስተካክሎ፣ ስለቱ ወደ አማቷ ክፍል ዞሮ። ዶሮ አልጣለውም፣ ድመት አልጣለውም፤ ዶሮና ድመት እንዲህ አያስተካክሉም። እማዬ ወርዳ ይሆን? የደረጃው መወጣጫ በጤዛ እንደተሸፈነ ነው፤ ከራሷ ዱካ በቀር አንድ የእግር ምልክት የለበትም።

ቆማ ስታየው አንድ ሐሳብ ብቻ መጣባት፤ ያ ጣሪያ፣ ያ ትራስ። ማዕበሉ ዛሬ ወይ ነገ ነው። ካምፖን ይህን ካየ ይሄዳል፤ ሌላ ሰው እስኪገኝ እማዬ ከሸሚዞቿ ጋር ትቀበራለች። ግራ ቀኝ አየች። ማንም የለም። ጎንበስ ብላ መጥረቢያውን አነሳችው። ቀዝቃዛ መሆን ሲገባው እጀታው ሞቅ ያለ ነበር፤ አሁን ከእጅ የተለቀቀ ይመስል። በቀሚሷ ጠርዝ ጤዛውን ጠርጋ እንደነበረው አስደገፈችውና እየሮጠች ወጥ ቤት ገባች።

ካምፖንና ሳይሩንግ ሲመጡ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ካምፖን ገና ከአጥሩ "ቆሟል!" ብሎ ጮኸ። "አየሽልኝ ሳይሩንግ? እኔኮ ይወድቃል ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም።"

"ነፋስ አልነበረም አይደል እትዬ?" አለች ሳይሩንግ ሲሚንቶው ላይ የቀረውን ደረቅ ምልክት እያየች። መጥረቢያ የሚያህል ረዘም ያለ ምልክት ነበር።

"አልነበረም" አለች ፕራኖም።

ወደ ላይ አየች። አማቷ ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ ግንዱን ታቅፋለች ብላ ነበር። መስኮቱ እንደተዘጋ ነው፤ ከውስጥ ኮሽታ የለም። አኩርፋ ነው አለች በልቧ።

ካምፖን ቀበቶውን ታጠቀ፣ ገመዱን ወርውሮ ቅርንጫፍ ላይ አሻገረ። ሳይሩንግ ጫፉን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ኋላ ዘመም አለች።

"አደራሽን፣ ዛሬ እንኳ አላናደድኩሽም" አላት።

"ትናንት የቀረ አለብህ። ውጣ ዝም ብለህ።" ከዚያ ለፕራኖም ዝቅ ባለ ድምፅ "ሲወጣ እንዲህ ነው የምንቀልደው" አለቻት። "ካልቀለድን እጄ ይንቀጠቀጣል። ገመድ ስይዝለት ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን ለምጄው አላውቅም። መጥረቢያው ቆሞ ሳየው ነው የሚቀለኝ።"

ፕራኖም የሴትየዋን እጅ አየችው። ገመዱ መዳፏን እየላጠ ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል። ካምፖን የሁለት ሰው ቁመት ያህል ወጥቶ ሸሚዞቹን አልፎ ነበር። ፕራኖም በዚያች ቅጽበት የታያት ዊሩት ነው፤ የወፍጮ ቤቱ አለቃ "አቧራው ምንም አያደርግህም" እያለ ሲያስገባው፣ እሱም አምኖ ሲገባ። አንዲት የሐሰት ቃል ነበረች የገደለችው።

"ውረድ!" ብላ ጮኸች። "ውረድ ካምፖን! ወድቆ ነበር! እኔ ነኝ ያቆምኩት!"

ካምፖን ባለበት ደረቀ። ሳይሩንግ ገመዱን በዝግታ ማላላት ጀመረች። እግሩ መሬት ሊነካ ሲል ዛፉ እህ እህ ብሎ ሳለ፤ መጀመሪያ ደረቁን፣ ከዚያ እርጥቡን። በዚህ ጊዜ ማንም የመታው አልነበረም።

"ማነው የሚስለው?" አለች ሳይሩንግ።

ካምፖን ፊቱ አመድ መስሎ ቀበቶውን ፈታ።

"ምን አደረግኩሽ?" አላት ፕራኖምን። "ልጆች አሉኝ እኮ እትዬ። ምን አደረግኩሽ?"

"እማዬን... ላድናት ብዬ ነው።"

"በእኔ?"

ፕራኖም እንደ ጥፋተኛ አቀርቅራ ቆመች። ይስደበኝ፣ ይምታኝ ብላ ስትጠብቅ የደረጃው እንጨት ተንቋቋ። እማማ ቡንሉአን ምንጣፏንና ትራሷን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ፣ ዱላዋን ትታ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ትወርዳለች።

"ክፍሉን አፍርሱት" አለች።

"ምን?" አለች ፕራኖም።

"ዛፉን ተዉት። ክፍሌን አፍርሱልኝ። እኔ ካንቺ ጋ ነው የምተኛ።" ወደ ታኪያኑ አላየችም፤ ጀርባዋን ሰጥታው ነው የምታወራ። "ዛሬ ሌሊት ጠራኝ።"

"ሁሌም ይጠራሽ የለ እማዬ?"

"ሁሌ ይስላል እንጂ መች ጠርቶኝ ያውቃል። ስለሳለ እኔው ነኝ አቤት የምለው። ዛሬ ግን መጥረቢያው ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ጠራኝ። ቡንሉአን አለኝ። ቡንሉአን፣ ነይ ውረጅ። ድምፁ የልጄ ነው፣ ሳሉ የልጄ ነው። ግን ልጄ ከተወለደ ጀምሮ አንድም ቀን በስሜ ጠርቶኝ ያውቃል? ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ እማዬ እንጂ ቡንሉአን ብሎኛል?"

አሮጊቷ የፕራኖምን እጅ ያዘች፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ማንን ነው ሳበላ የኖርኩት?" አለች።

የእንጨት ቤት ደግነቱ ሳንቃ በሳንቃ ተገጣጥሞ የሚሠራ መሆኑ ነው፤ እንደተገጠመው ይነቀላል። ካምፖን መኪናውን አስነስቶ ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ቢሆንም አሮጊቷን አየና እያጉረመረመ መሮውን አወጣ። "ላንቺ ብዬ አይደለም" አላት ፕራኖምን። ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ግድግዳዎች ተነቅለው ከጃክፍሩቱ ሥር ተደረደሩ፤ ዛፉ ቢወድቅ የሚያገኘው ባዶ ምሰሶ ብቻ ሆነ። ካምፖን ሲሚንቶውን በዲጂኖ ሰነጣጥቆ "ይተንፍስ፤ የቀረውን ራሱ ያውቃል" አለ። ሸሚዞቹ ላይ ግን ማንም እጁን አላነሳም። ሲሄዱ ሳይሩንግ ፕራኖምን ጨበጠቻት እንጂ አልሳቀችላትም።

አመሻሽ ላይ ደመናው ከብዶ ወረደ። ፕራኖም በቤቱ ወዲያኛው ጫፍ ባለው ክፍሏ ለአማቷ ምንጣፍ ዘረጋችላት። አሮጊቷ የምራቷን ቀሚስ ጫፍ በጭብጧ ይዛ እንደ ሕፃን ወዲያው አሸለበች።

ከዚያ ዛፉ ሳለ። አሮጊቷ አልነቃችም። እንደገና ሳለ፤ ሳሉ የሚጠብቀውን መልስ ሲያጣ ረዥም ዝምታ ሆነ።

"ፕራኖም" አለ ከውጪ።

ፀጉሯ ቆመ። ግን ወዲያው ደግሞ ልቧ ተረጋጋ፤ ሳቅ ሁሉ ሊያመልጣት ነበር። ዊሩት ፕራኖም ብሏት አያውቅም። ለብቻቸው ሲሆኑ፣ መብራት አጥፍተው፣ ዳኦ ነበር የሚላት። ይህንን ስም ከሁለቱ በቀር የሰማው የለም፤ እናቱ እንኳ አታውቀውም። አንተም አታውቀውም አለች በሆዷ። ማንም ሁን፣ አላወቅከኝም።

ውጪ ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ያ ድምፅ በሆዷ ያለችውን የሚያዳምጥ ይመስል ቆየ። ከዚያ በጣም ቀርቦ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ስድስት ዓመት የናፈቀችውን ልስላሴ ይዞ መጣ።

"ዳኦ" አላት።

አቤት የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። እንባዋ በጉንጮቿ እየወረደ፣ ብርድ ልብሱን ስባ የአሮጊቷን ጆሮ ሸፈነችና፣ ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ነክሳ ቃሉን መልሳ ዋጠችው።